ከአርጎባ ኮረብታ እስከ አረብ ገንዳ፦ የስድስት ቀን የወሎ ጉዞ ማስታወሻ

አንደኛው ቀን፣ ሐሙስ፦ ወደ ከሚሴ

ባለፈው ክረምት ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ አንድ ወጣት ዘመዳችን በደሴ ስለተነሣ የቦታ ክርክር ሲያወራ «እነሱ እኮ መጤ ናቸው፤ ነባሮቹ እኛ ነን» አለ። አጎቴ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «አያትህ ደሴ የገባችው ከለጋምቦ በእግሯ፣ እኔን አዝላ ነው» ብለው መለሱለት። ወጣቱ ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔን ግን ያ ንግግር አልለቀቀኝም። ደሴ ተወልጄ ያደግኩና ታሪክ በማስተማር የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ነባርና መጤ የሚሉት ሁለት ቃላት በየአጋጣሚው ሲወረወሩ በሰማሁ ቁጥር፣ ከተማችንን ማን ሠራት የሚለውን ጥያቄ ከመጻሕፍት ውጭም በእግሬ ልከተለው ይገባኛል እያልኩ አስብ ነበር። በጥር ወር የስድስት ቀን ፈቃድ ወስጄ ከአጎቴ ጋር ተነሣሁ።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባውን ተሻግሯል፤ በጉልምስናቸው ከኮምቦልቻ አሰብ ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና ይነዱ ነበር፤ ስለዚህ በዚህ መንገድ ላይ የማያውቁት ኩርባ የለም። ጎሕ ሲቀድ ከአዲስ አበባ ወጥተን፣ ደብረ ብርሃንን አልፈን፣ ጣሊያኖች የቆፈሩትን የጣርማ በር ዋሻ በጉም ውስጥ ተሻግረን ወደ ደብረ ሲና ወረድን። ከሸዋ ሮቢት ወዲያ አየሩ ሞቀ። ሰንበቴን አልፈን ጨፋ ሜዳ ስንደርስ አጎቴ መኪናው እንዲቆም ጠየቁ። ጨፋ የቦርከና ወንዝ የሚያረሰርሰው ሰፊ ረግረግ ነው፤ በበጋ ወራት የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ ከብት አርቢዎች መንጎቻቸውን እየነዱ ይገናኙበታል። ሣሩ በተረፈ ዓመት ይስማሙበታል፤ ባነሰ ዓመት ደግሞ ይጋጩበታል፤ ጠቡንም ሽማግሌዎች ይሸመግሉታል። ሦስቱም ወገኖች ሜዳውን በየቋንቋቸው ያውቁታል።

ማታ ከሚሴ አደርን። በምግብ ቤቱ ውስጥ አስተናጋጁ ለአንዱ በኦሮምኛ፣ ለሌላው በአማርኛ ሲመልስ እያዳመጥኩ «ወሎ» ስለሚለው ስም አሰብኩ። ከ16ኛው ምዕተ ዓመት በፊት የዚህ አገር አብዛኛው ክፍል ቤተ አምሐራ ይባል ነበር። ወሎ የኦሮሞ ጎሳ ስም ነው። ወረ ኢሉ፣ ወረ ባቦ፣ ወረ ሂማኖ በሚሉት የቦታ ስሞች መጀመሪያ ላይ ያለው «ወረ» በኦሮምኛ የእገሌ ቤተሰብ፣ የእገሌ ወገን ማለት ነው። በእነዚያ ዘመናት የመጡት ሰፋሪዎች ስማቸውን ለአገሩ ሰጡት፤ ከልጅ ልጆቻቸው ብዙዎቹ ደግሞ አማርኛን አፍ የፈቱበት ቋንቋ አደረጉት። እንግዲህ ወሎዬ ነኝ የሚል ሰው ሁሉ፣ አማርኛ ብቻ የሚናገረውም ጭምር፣ ራሱን የሚጠራው በመጪዎቹ ስም ነው።

ሁለተኛው ቀን፣ ዓርብ፦ ሾንኬ

መኪና እስከሚደርስበት ሄደን የቀረውን ዳገት በእግር ወጣን። አጎቴ በዱላቸው እየተደገፉ፣ በየመታጠፊያው ዐረፍ እያሉ ወጡት። ሾንኬ በኮረብታ ጫፍ ላይ የተመሠረተች የአርጎባ መንደር ናት። በድንጋይ፣ በእንጨትና በጭቃ የተሠሩት ቤቶች እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው የቆሙ ሲሆን፣ ከታች ሲያዩዋቸው ከተራራው ድንጋይ ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል። ነዋሪዎቿ መንደሪቱ ከ900 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳላት ይናገራሉ። ሾንኬ ከሁሉ በላይ የምትታወቀው የእስልምና ትምህርት ቦታ በመሆኗ ነው፤ በ1920ዎቹ መጨረሻ ያረፉት ታላቁ ሸህ ጀውሃር ቢን ሃይደር ያስተማሩት እዚህ ነበር፤ ደረሳዎችም ከሩቅ አገር ስንቃቸውን ይዘው ይመጡ ነበር።

አንድ አዛውንት ስለ ሕዝባቸው ስም ሲነግሩን «አርጎባ ማለት አረብ ገባ ማለት ነው፤ አባቶቻችን ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው» አሉ። ይህን ትርጓሜ ከዚህ በፊትም ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የቋንቋ ሊቃውንት ግን አርጎብኛን ከኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች መካከል የአማርኛ የቅርብ ዘመድ አድርገው ያስቀምጡታል፤ ስለዚህ ቋንቋው የበቀለው በዚሁ ምድር ነው። አዛውንቱን ለመሞገት አልደፈርኩም፤ መሞገትም አላስፈለገኝም። የገረመኝ ሌላ ነገር ነበር። በዚህ አካባቢ ካየኋቸው ሁሉ የቆየ ቤት ያላቸው ሰዎች የሚኮሩት መጥተን ነው በማለት ሲሆን፣ ከተማ ከገባን ሁለት ሦስት ትውልድ ብቻ የሆነን እኛ ደግሞ የምንኮራው ከጥንት ነን በማለት ነው።

አጎቴ ለጁምዓ ስግደት ሲገቡ እኔ ከሴቶቹ ጋር ቡና ተቀመጥኩ። የቤቱ እመቤት ፈትል እየፈተሉ «አገርሽ የት ነው?» አሉኝ። ደሴ አልኳቸው። «ደሴማ ከተማ ነው፤ እኔ የጠየቅሁሽ አገርሽን ነው» አሉ። በእናቴ ለጋምቦ፣ በአባቴ መቄት መሆኔን ስነግራቸው ረክተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለቱንም አገሮች ኖሬባቸው አላውቅም። በእኚህ ሴት አስተሳሰብ ከተማ ሰው የሚደርስበት ስፍራ ነው እንጂ የሚነሣበት አይደለም፤ ስለዚህ በደሴ ነባር የሚባል ሰው ሊኖር አይችልም። አቦሉን ጠጥቼ ቶናው እስኪቀዳ ድረስ ይህን ሐሳብ ሳገላብጠው ቆየሁ።

አርጎባዎች ሸማኔና ነጋዴ እንደሆኑ በወሎ ገበያ ሁሉ ይታወቃል። ከባሕር ዳርቻ ወደ ደጋው በሚዘረጋው የሲራራ መንገድ ላይ ለዘመናት የኖሩ ናቸው። ደሴ ሳትቆረቆር፣ አስፋልትም ሳይነጠፍ ይህን አገር ከቀይ ባሕር ጋር ያገናኙት እንደነሱ ያሉ ሰዎች መሆናቸውን የከተሞቻችን ታሪክ አጉልቶ አያነሣውም።

ሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፦ ደሴ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ነገር ግን በሐረጎ ዳገት ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ያወጣል። አጎቴ እያንዳንዱን ኩርባ በፍሬንና በማርሽ ያስታውሱታል። ዳገቱን ስንጨርስ የጦሳ ተራራ ደመና ለብሶ ታየን፤ ከተማዋም ከሥሩ እንደ ሁልጊዜው በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ ደራርባ ተዘርግታለች።

ስለ ደሴ አመሠራረት የሚተረከው እንዲህ ነው። ቀድሞ ላኮ መልዛ በሚባለው በዚህ አገር አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሰፍረው ሳለ በሰማይ ጅራታም ኮከብ አዩ፤ በዚያም ተደስተው ቦታውን ደሴ አሉት፤ ደስታዬ ማለት ነው። በ1875 ዓ.ም. መጀመሪያ በዓለም ዙሪያ ታላቅ ጅራታም ኮከብ መታየቱ ስለሚታወቅ ትረካው ከዘመኑ ጋር ይስማማል። እኔን ግን ከኮከቡ ይልቅ «ሰፍረው ሳለ» የሚለው ሐረግ ይስበኛል። ከተማ የሚለው ቃል ራሱ የተገኘው ከመክተም፣ ድንኳን ተክሎ ከመስፈር ነው። የደሴ መጀመሪያ ሰፈር ነው፤ የሰፈረውም ሠራዊት ከትግራይ፣ ከሸዋ፣ ከጎንደርና ከሌላውም አገር የተውጣጣ ነበር። ይህን ሠራዊት እህል፣ እንጨትና ሣር ያቀረበለት ደግሞ ገበሬው፣ የመሬቱ ነባር ባለቤት ነው። የንጉሡን ስም ሁሉም ያውቀዋል፤ የገበሬውን ስም የጻፈው የለም።

በኋላ ራስ ሚካኤል መቀመጫቸውን ከተንታ ወደ ደሴ አዛወሩ። የወረ ሂማኖ ገዥዎች ዘር የሆኑት እኚህ ሰው ቀድሞ ኢማም መሐመድ ዓሊ ይባሉ ነበር፤ በ1906 ዓ.ም. ደግሞ የወሎና የትግራይ ንጉሥ ሆኑ። ያሠሩትን አዳራሽ አይጠየፍ አሉት። ድሃና ባለጸጋ፣ ክርስቲያንና ሙስሊም ሳይናናቅ የሚገባበት የግብር አዳራሽ ነው። ከጥንታዊዎቹ እንጨቶች ሥር ቆሜ ስሙን ደጋግሜ አሰብኩበት። አንድ ቤት አይጠየፍ ተብሎ የሚሰየመው መጠያየፍ ባለበት ዘመን ነውና፣ ስሙ ምስጋናም ነው፣ ትእዛዝም ነው። ንጉሥ ሚካኤል ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ተሸንፈው ተማረኩ፤ ከዚያ ወዲህ የደሴ ገዥዎች ከሸዋ ቤተ መንግሥት የሚላኩ ሆኑ። ሸዋ በር የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው የሸዋ መንገድ ስለሚነሣበት ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ አረብ ገንዳ ወረድን። ይህን ስም ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠራው ኖሬ ትርጉሙን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። «ገንዳ» በኦሮምኛ መንደር ማለት ነው፤ «አረብ» ደግሞ ከየመን የመጡት ነጋዴዎች ናቸው። የቀድሞው የአገሩ ቋንቋ እንግዳውን በራሱ ቃል ተቀብሎ መንደር ሰጠው፤ አማርኛ ተናጋሪው ከተሜ ደግሞ ሁለቱን ቃላት አንድ አድርጎ እስከ ዛሬ ይጠራበታል። የየመን ነጋዴዎች ከባሕር ማዶ ጨርቅ፣ ስኳርና ላምባ እያስመጡ በችርቻሮ ይሸጡ፣ ቆዳና ሌጦም ይገዙ ነበር። በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የሰፈር ሱቅ «አረብ ቤት» ይባል የነበረው ከእነሱ የተነሣ ነው። አብዛኞቹ በ1960ዎቹ፣ ንብረት ሲወረስ፣ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ጥቂቶቹ ከዚሁ አገር ሴቶች ጋር ተጋብተው ቀሩ፤ ልጆቻቸው እኔ በተማርኩባቸው ክፍሎች ውስጥ ተምረዋል።

አጎቴ አንድ የተዘጋ የእንጨት በር አሳዩኝ። በሕፃንነታቸው አንድ የመናዊ ባለሱቅ እናታቸውን በዱቤ ያበደራት ከዚህ በር ነው። «ዋስ አልጠየቃትም፤ ልጅ ማዘሏን ነው ያየው» አሉ። ከዚህ በላይ አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ፒያሳ የጣሊያን ዘመን ሰፈር ነው። ወረራው በደሴ ላይ የጀመረው ከሰማይ ነበር፤ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በከተማዋ ሳሉ የጣሊያን አውሮፕላኖች ቦምብ ጣሉባት፤ የውጭ አገር ሚሲዮናውያን ይሠሩበት የነበረው ሆስፒታልም አልተረፈም። ጣሊያኖች በ1928 ሚያዝያ ገብተው በ1933 ሚያዝያ ተባረሩ። በእነዚያ አምስት ዓመታት የአዲስ አበባ አስመራን መንገድ በደሴ በኩል፣ የአሰብን መንገድ ደግሞ በኮምቦልቻ በኩል ዘረጉ። ይህን ስጽፍ ለወራሪው ምስጋና እያቀረብኩ አይደለም፤ መንገዱ የተቆፈረው ለጦር ነው፤ በሥራው ላይም የብዙ ኢትዮጵያውያን ጉልበት ፈስሷል። ሆኖም መንገዱ የሚያመጣውን ሰው አይመርጥም። ከዚያ በኋላ ሾፌሩ፣ ጎሚስታው፣ መካኒኩ፣ ባለ ቡና ቤቷና ተሸካሚው በዚያው መንገድ መጡ። የደሴ ሰው ስለ መኪና ሲያወራ ግማሹ ቃል ጣሊያንኛ የሆነው ከዚያ ዘመን ወዲህ ነው።

በወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት በር ስናልፍ አጎቴ ቆሙ። ትምህርት ቤቱ የተሰየመው በንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ በእቴጌ መነን እናት ስም ነው። ከየአውራጃው የመጡ የገበሬ ልጆች በትንንሽ የኪራይ ክፍሎች እየተዳበሉ ይማሩበት ነበር። በ1962 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ የብሔረሰቦችን ጥያቄ በጽሑፍ ያነሣው ዋለልኝ መኮንን ከዚህ ትምህርት ቤት የወጣ ነው። ለክርክሩ የሚሰጠው ፍርድ የተለያየ ቢሆንም፣ ሁሉም ዓይነት ሰው ተቀላቅሎ በሚኖርባት ከተማ የተማረ ወጣት የማንነትን ጥያቄ ማንሣቱ ለእኔ ድንገተኛ ነገር አይመስለኝም።

ማታ በአክስቴ ቤት የሰፈሩ የቅሬ ሰብሳቢ ሊጠይቁን መጡ። ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። በአንዱ ቅሬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አባል ነው፤ ሙስሊም ሲሞት ክርስቲያኑ ድንኳን ይተክላል፤ ክርስቲያን ሲሞትም ሙስሊሙ መቃብር ይቆፍራል። አንድ ሰው የሰፈሩ ሰው ሆነ የሚባለው መቼ ነው ብዬ ሰብሳቢውን ጠየቅኋቸው። «ስሙ ቅሬው መዝገብ ላይ ሲጻፍ ነዋ» አሉ፤ በጥያቄዬ እየተገረሙ። «ቢሞት የት እንደምንቀብረው ካወቅን የእኛ ሰው ነው።» በማግስቱ በየገጹ ያሉትን ስሞች አሳዩኝ። የአባትና የልጅ ስም አንዱ የመስጊድ፣ ሌላው የቤተ ክርስቲያን የሆነባቸው መስመሮች ከጠበቅሁት በላይ ብዙ ነበሩ።

አራተኛው ቀን፣ እሑድ፦ ቦሩ ሜዳና ሐይቅ

ቦሩ ሜዳ ላይ ብዙ አልቆየንም፤ የሚታየውም ሜዳው ነው። ግን ሳያነሡት ማለፍ አይገባም። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የሃይማኖት ጉባኤ የጠሩት እዚህ ነው። ከጉባኤው በኋላ የወሎ ሙስሊም ገዥዎች እንዲጠመቁ ታዘዘ፤ ኢማም መሐመድ ዓሊ ሚካኤል የሆኑት በዚያ ጊዜ ነው። እንቢ ያሉ ብዙዎች ተሰደዱ፤ እንደ ሸህ ጦልሃ ያሉትም ተቃወሙ። ስለ ወሎ መቻቻል ስንናገር ብዙ ጊዜ ከተፈጥሮ የተሰጠ ጠባይ እናስመስለዋለን። እኔ ግን ሰዎች ከዚህ ቁስል በኋላ እየታረቁ፣ እየተጋቡና እየተቀባበሩ በድካም የሠሩት ነገር እንደሆነ አምናለሁ፤ በድካም የተሠራ ነገር ደግሞ በቸልታ ሊፈርስ ይችላል።

ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ሐይቅ ስንደርስ ፀሐይ ወጥታ ነበር። በ13ኛው ምዕተ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ለሴቶች አይፈቀድም፤ አጎቴም ሙስሊም ናቸው፤ ስለዚህ ሁለታችንም ውሃው ዳር ተቀምጠን ዛፎቹን ተመለከትን። ከዚህ ገዳም የወጡ ደቀ መዛሙርት በመላ ደጋው ገዳማትን መሥርተዋል። ሰው ከወሎ ሲወጣ ወደ ውጭ የሚወስደው ነገር ከጥንትም ነበረ ማለት ነው።

በዚያው አካባቢ ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ቤተሰቦች ይኖራሉ። አንዲት የሦስት ልጆች እናት ከውሃ ስትመለስ ጀሪካኗን አስቀምጣ አነጋገረችን። ወላጆቿ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ በመንግሥት ሰፈራ ከደላንታ የተወሰዱ ናቸው። በዚያ ዘመቻ 600 ሺህ ያህል ሰው ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ጎጃም ተጉዟል፤ አብዛኛው የወሎ ሰው ነበር። እሷ የተወለደችው ወለጋ ነው፤ ኦሮምኛዋም እንደ አማርኛዋ የጠራ ነው። «እዚያ ሳለን የወሎ ሰዎች ይሉን ነበር፤ እዚህ ደግሞ የወለጋ ተፈናቃዮች ይሉናል» አለች። አጎቴ «አብሽሪ፣ ልጄ» ከማለት በቀር ቃል አጡ። የሾንኬዋ ሴት «አገርሽ የት ነው?» ብለው ቢጠይቋት ምን ትመልስ ይሆን እያልኩ እስከ ደሴ ድረስ አሰብኩ።

አምስተኛው ቀን፣ ሰኞ፦ ባቲ

ሰኞ የደሴም ሰኞ ገበያ የሚቆምበት ቀን ነው፤ እኛ ግን ባቲን መረጥን። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወርዱ ባቲ በደጋውና በአፋር ቆላ ድንበር ላይ ትገኛለች። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ገበያው ሞልቶ ነበር። ከቆላ አፋሮች ግመል፣ ፍየልና ቅቤ ያመጣሉ፤ ከደጋ አማሮችና ኦሮሞዎች ማሽላ፣ ጤፍና በርበሬ ያወርዳሉ። የግመሉ ተራ ከእህሉ፣ እህሉ ከጨርቁ የተለየ ቢሆንም፣ ቋንቋው ግን ተራ አይጠብቅም። አንድ ደላላ ለሻጩ በአፋርኛ፣ ለገዢው በኦሮምኛ፣ ለእኔ በአማርኛ ሲናገር አይቻለሁ፤ በሦስቱም ቋንቋ ዋጋው አንድ ነው ብሎ ማለልን።

አጎቴ እዚህ የሚያውቋቸው አንድ የአፋር ሽማግሌ ነበሩ። ድሮ መኪናቸው በረሃ ላይ ሲሰበር ወተት ያጠጧቸው እኒያ ሰው ሞተዋል፤ ልጃቸውን ግን አገኘነው። እጁን ጨብጠው ብዙ ቆዩ። የአሰብ መንገድ ሲታሰብ ሾፌሩና የጭነቱ ባለቤት ይታሰባሉ እንጂ፣ መንገዱ የሚያልፍበትን ምድር ውሃና ጥላ የሚያውቀው አፋር ይረሳል። አሰብ የብዙ ወሎዬዎች የእንጀራ ወደብ ነበረች፤ ጫኝና አውራጅ፣ ሾፌር፣ ቡና ሻጭ ሆነው ኖረውባታል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ተመለሱ። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ መንገዱ ጨርሶ ተዘጋ፤ ከእኛም ሰፈር ኤርትራውያን ጎረቤቶቻችን በአውቶቡስ ተጭነው ሲሄዱ በልጅነቴ አይቻለሁ። ከመካከላቸው አንዲቷ የክፍሌ ልጅ ነበረች። ደሴ በሚመጡባት ብቻ ሳይሆን በሄዱባትም ሰዎች የተሠራች ከተማ ናት፤ የእነሱ ቦታ እስካሁን ባዶ ነው።

ከሰዓት በኋላ በአንድ ሻይ ቤት ማሲንቆ ሰማን። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎን ቦታዎች ስም የያዙ ናቸው። በዚያ ገበያ ጫጫታ ውስጥ ሳዳምጠው የባቲ ቅኝት ከዚህ ቦታ ሌላ የትም ሊወለድ የሚችል አልመስለኝ አለ።

ስድስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፦ ኮምቦልቻ

ኮምቦልቻ በኦሮምኛ የዛፍ ስም ነው፤ በአማርኛ አጣጥ የሚባለው። ዛፉ ዛሬ በከተማዋ ውስጥ እምብዛም አይታይም፤ ፋብሪካ ግን በየአቅጣጫው አለ፤ ጨርቃ ጨርቅ፣ ቢራ፣ ቆዳ፣ ብረታ ብረት፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በ75 ሄክታር ላይ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። በ1999ኙ ቆጠራ ከተማዋና ዙሪያዋ 85 ሺህ ያህል ሕዝብ ነበራቸው፤ ደሴና ዙሪያዋ ደግሞ 151 ሺህ። ዛሬ ሁለቱም ያንን ቁጥር ከኋላቸው እንደጣሉት በዓይን ይታያል።

በከተማዋ ጫፍ አንድ የቃሉ ገበሬ አገኘን። አባታቸው ያረሱት መሬት በከተማ መስፋፋት ተወስዶ አሁን የሚያርሱት አንድ ጥማድ አይሞላም። የተከፈላቸው ካሣ ለልጃቸው ባጃጅ ገዛ፤ ባጃጁም ዓመት ሳይሞላ ቆመ። «እኔ ከዚህ የትም አልሄድኩም፤ ከተማው ነው ወደ እኔ የመጣው» አሉ። ነባር የሚለው ቃል በትክክል የሚገባው ለእንዲህ ዓይነት ሰው ይመስለኛል። ይሁን እንጂ ቃሉን በየስብሰባው ጮክ ብለው የሚያነሡት ሌሎች ናቸው፤ እሳቸው የጠየቁት በሚሠራው መንገድ ላይ የውሃ መውረጃ እንዲደረግላቸው ብቻ ነው።

ማታ ከመመለሳችን በፊት የአጎቴ የድሮ የሥራ ባልደረባ ባለቤት ቤት ቡና ተጠራን። እመቤቲቱ ባላቸው ከሞተ ወዲህ አንዱን ክፍል አከራይተው ይኖራሉ። ሴት ልጃቸው ሳዑዲ ናት። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከዚያ አገር ሲመለሱ እሷም ተመልሳ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን በየመን በኩል እንደገና ተሻገረች። የመናዊው ባለሱቅ ሥራ ፍለጋ ወደ ደሴ የተሻገረውን ባሕር እሷ ሥራ ፍለጋ በተቃራኒው ተሻገረችው ማለት ነው። በልጅቱ ክፍል የተከራየችው ወጣት ከመቄት የመጣች የስፌት ሠራተኛ ናት፤ የአባቴ አገር ልጅ። ግድግዳው ላይ የባለቤቲቱ ልጅ ፎቶ እንደተሰቀለ ነው፤ ተከራይዋ በዚያው ሥር ተኝታ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ሥራ ትወጣለች።

ቶናው ሲቀዳ ስልክ ከሳዑዲ ተደወለ። ተከራይዋ ስልኩን ተቀብላ እንደ እህት አወራች፤ የቡናውን ሽታ ሳይቀር ነገረቻት። ስትጨርስ አጎቴ እመቤቲቱን ኪራይ ስንት እንደሚያስከፍሏት ጠየቁ።

«ኪራዩን ተዉት» አሉ እሳቸው፣ ጀበናውን ወደ እሳቱ እየመለሱ። «ቅሬ አስጽፌያታለሁ፤ በእኔ መስመር ላይ፣ ከልጄ ስም ቀጥሎ።»

ከዚያም በረካውን ሳንጠጣ እንዳንነሣ አዘዙን።